በላት ስብ የቀባሁት የቦምብ መስቀያ

አርብ፣ መጋቢት 4፤ ጥዋት 12፡40

የቦምብ መስቀያዎቹን መቆለፊያ ፒኖች ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ሃያ አራት። ቀይ ጥብጣባቸው ሁሉ በቦታው ነው። የአንዱ ጫፍ ተተልትሏል፤ ለአለቃዬ ለሃ/አለቃ ጀማል ነግሬ አስለውጣለሁ። አሁን ወደ መስቀያዎቹ። የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር የሚታሰሩትን የቦምብ መስቀያዎች አውርዶ መንጠቆዎቻቸውን በላምባ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ግራሶ መቀባት። እያንዳንዱ መስቀያ ሁለት መንጠቆ አለው፤ ቦምቡን በሁለት ጆሮው አንጠልጥለው ይይዙታል። ፒኑ እስካለ ድረስ አይከፈቱም። ፒኑ ተነቅሎ፣ አብራሪው ከላይ ሆኖ ቁልፉን ሲጫን ግን ሁለቱም እኩል መከፈት አለባቸው። ከፍቼ እዘጋለሁ። ከፍቼ እዘጋለሁ። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው።

ደብተሬ ሆይ፤ ከሥራ በፊት እንደ ልማዴ የቤቱን ሰው በየስሙ ልጥራ። ወደዚያ ስልክ መግባት ካቆመ ሦስት ወር ሆነው፤ ሰላምታዬን የሚቀበልልኝ ካንተ በቀር የለም።

ውድ አባቴ አቶ ገብረ ሕይወት፤ እንደምን ሰንብተዋል? ውርጩ ጉልበትዎ ላይ አልበረታም ወይ? ውድ እናቴ ወ/ሮ አመለወርቅ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? የተከበሩ አጎቴ ቄስ ኃይለ ማርያም፤ እንደምን ከረሙ? ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ይህ ጽሑፍ ቢጣመም ወቀሳው ለሁለታችን ነው። እህቴ ብዙነሽ፤ እንደምን ነሽ? ስድስተኛ ክፍል መግባትሽን ሰምቻለሁ፤ እኔ ከአራተኛ ነውና የወጣሁት ታላቅሽ መሆኔ በዕድሜ ብቻ ቀርቷል። እኔ እዚህ አየር ኃይሉ ግቢ፣ ከቆላው ሙቀት በቀር፣ ደህና ነኝ።

እጮኛዬን አስካለን ከሁሉ በኋላ አኖራታለሁ። ለእሷ የሚሆን ሰላምታ እስካሁን አላገኘሁም። ስሟን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ።

አስካለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5፤ ከሰዓት 9፡00

የአቦ ዕለት። በር ላይ እንግዳ አለህ አሉኝ፤ መርዶ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ የአገሬ፣ የዘመሮ ገበያ በግ ነጋዴ። ለኢድ የሚሸጥ በግ ጭነው ወርደዋል። ጋቢያቸው ላይ የአገሬ ብርድ ያለ መሰለኝ፤ ሲያቅፉኝ አልለቅም ብዬ አሳፈርኳቸው።

ከእናቴ የተላከ፤ ገብስ ቆሎ፣ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ (በዚህ ሙቀት!)፣ በቆርቆሮ የላት ስብ። የገናው በግ ላት ነው፤ አንጥራ ያስቀመጠችው። እጁ በላምባ ተሰነጣጥቋል ብለው ነግረዋት ኖሮ፣ ይቀባበት ብላ። ክዳኑን ስከፍት ቤታችን ሸተተኝ። ወዲያው ከደንኩት፤ ሁዳዴ ነው።

ዋናው ወሬ። የእኔና የአስካለ ሠርግ ቀኑ ተቆርጧል። ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው እሑድ። የአስካለ አባት ለሽማግሌዎቹ ያሉትን ጋሽ ሽፈራው ቃል በቃል ነገሩኝ፤ አምና ከፋሲካ በኋላ ተባለ፣ ቀረ፤ ለጥር ተባለ፣ ቀረ፤ አሁንም ከቀረ ልጄን ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። የጠየቀም አለ። ቀየት ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። አምና አዲስ ተቀጣሪ ነህ ብለው ፈቃድ ከለከሉኝ፤ በጥር ደግሞ ሥራ በዝቷል አሉ። ዘንድሮ ግን ፈቃዴ ተፈርሟል። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ሃያ ቀን። ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ፣ ዳዊቴ መካከል ነው።

እሷስ ምን አለች አልኳቸው። ጋሽ ሽፈራው ሳቁ፤ "እሷማ አባቷ ፊት ምን ትላለች? በጎቹን ስቆጥር መጥታ፣ ቶሎ ይምጣ በሉት ብላኝ ሄደች። ቆጠራዬንም አሳሳተችኝ።"

ቶሎ ይምጣ። ይህን ሁለት ቃል ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አንተ አትጠይቀኝ፤ እኔም አልነግርህም።

ሰኞ፣ መጋቢት 7፤ ከቀኑ 8፡20

ግራሶ አልቋል። መጋዘን ሄድኩ፤ በጥያቄ ላይ ነው፣ ጠብቅ። ረቡዕ በረራ አለ። ሦስት መስቀያ ታጥቦ ደርቆ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሏል። ሃ/አለቃ ጀማል ጥርሳቸው አብጦ ክሊኒክ ሊሄዱ ነበር፤ የረመዳን ጾመኛ ስለሆኑ መድኃኒት የሚውጡት ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ነው፣ ንዴታቸውም እስከዚያ ነው። ደረቅ እንዳትተው፣ ዝገት ይበላዋል ብለውኝ ወጡ።

ደረቅ አልተውኩም። የእናቴን ቆርቆሮ አመጣሁ።

አባቴ ምንሽር ጠመንጃቸውን ሲቀቡ ያደግሁት እያየሁ ነው። ሌላ ቅባት ቤታችን አልገባም። የላት ስብ ብረት ይወዳል ይላሉ፤ ከአያቴ የወረሱት ያ ምንሽር እስከ ዛሬ ዝገት አያውቅም። በጨርቅ ቆንጠር አድርጌ መንጠቆዎቹን፣ ማጠፊያቸውን፣ ውስጥ ያለችውን ምላስ በስስ ቀባሁ። በዚህ ሙቀት እንደ ዘይት ፈሰሰ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከግራሶው ይልቅ ለሰለሰ! እጄም በዚያው ተቀባ። ሽታው ሃንጋሩን ሲሞላው ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ጾሙን በአፍንጫዬ ሻርኩ እንደሆነ እንጃ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሃ/አለቃ 7፡00 ላይ ተመለሱ፤ ጉንጫቸው ዳቦ አክሏል። የሥራ ካርዱን ሰጠኋቸው። መስቀያውን ሳይከፍቱ ፈረሙ። "የመንዜ እጅ አውቃለሁ፣ ሲያጥብ ቆዳውን ነው የሚገፈው" አሉ። ከሦስቱ አንዱ አውሮፕላኑ ላይ ታሰረ። ሁለቱ ለተጠባባቂነት መደርደሪያ ላይ ወጡ።

ስለ ስቡ አልነገርኳቸውም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9፤ ከቀኑ 7፡00

ጽሑፌን ይቅር በል፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጥዋት ሁለት አውሮፕላን ወጣ። የልምምድ ቦምብ ነው፤ ውስጡ ሲሚንቶ፣ የወደቀበትን የምታሳይ ጥቂት የጢስ ባሩድ አፍንጫው ላይ። 4፡30 ላይ ሬዲዮ ጮኸ። አንዱ ቦምብ አልወረደም። አብራሪው ተጭኖታል፣ አልተከፈተም፤ ቦምቡ ክንፉ ሥር እንደተንጠለጠለ እየመጣ ነው።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። ሌላው ሁሉ አስቀድሞ ያርፋል፤ እሱ መጨረሻ። መንደርደሪያው ጫፍ፣ አፍንጫውን ወደ ባዶው ሜዳ አዙሮ ይቆማል። ማንም በፊቱ አያልፍም። አንድ ሰው ብቻ ከጎን ሄዶ ፒኑን ይመልሳል። ያ ሰው ሃ/አለቃ ጀማል ናቸው።

ከአሸዋው ጆንያ ኋላ ሆኜ አያቸዋለሁ። ፀሐዩ ብረት ያቀልጣል። በባዶ ሆድ፣ ባበጠ ጉንጭ፣ ፒኑን በቀኝ እጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። አይፈጥኑም። ቀዩ ጥብጣብ ይወዛወዛል። ክንፉ ሥር ገቡ፤ አጎነበሱ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ወጥተው እጃቸውን አነሱ። እኔ በዚያች ቅጽበት "እግዚኦ" ስል የጮኽኩ አልመሰለኝም፤ ጮኼ ኖሯል፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

አብራሪው ወጣት ሻምበል ነው። ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩት አለ። ላዩ ዛሬ ብርድ ነበር፣ ጓንት ውስጥ ጣቴ ደንዝዞ ነበር፣ ግን ሦስት ጊዜ ተጫንኩት አለ።

የመስቀያውን ቁጥር አየሁ። እኔ የቀባሁት ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10፤ ከሰዓት 11፡00

መስቀያው ወርዶ ተፈታ። የክፍላችን አዛዥ ሻለቃው፣ ሁለት መሐንዲስ፣ ሃ/አለቃ ጀማል። እኔ መብራት ይዤ ቆሜያለሁ። ከፈቱት፤ ተከፈተ። ዘጉት፤ ተዘጋ። አሥር ጊዜ። ሽቦው ደህና፣ ኤሌክትሪኩ ደህና። ስቡ ከሙቀቱ የተነሣ ዘይት መስሎ ይብለጨለጫል፤ ማንም ምንድን ነው አላለም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ነገሩ እንዲህ ለስልሶ እየተከፈተ፣ ስብ ቀብቼ ነበር ብል ምን ያገናኘዋል? መብራቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

ብረቱ ጥፋት ከሌለበት ጥፋቱ የሰቀለው ሰው ነው አሉ። የሰቀሉት ሃ/አለቃ ናቸው፤ ካርዱም ላይ ፊርማቸው አለ። ምርመራው እስኪያልቅ ከግቢ እንዳይወጡ ተነገራቸው። ነገ ኢድ ነው። ቤታቸው ከተማው ውስጥ፣ በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ጡረታቸው በሰኔ ነው።

ቆባቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉና መልሰው አደረጉት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12፤ ከቀኑ 10፡00

ላዩ ብርድ ነበር። የሻምበሉ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ትናንት ኢድ ሆኖ፣ የሃ/አለቃ ልጆች ምግብ በፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመው ሳያቸው አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በጥቅምት፣ በኅዳር፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው፣ የአባቴ ምንሽር ጥዋት አይከፈትም ነበር። ስቡ ይረጋል። ስለዚህ ማታ መቀርቀሪያውን ይፈቱትና ብብታቸው ሥር አድርገው፣ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። እናቴ፣ ከኔ ጋር ነው የተጋባኸው ወይስ ከብረቱ ጋር ብላ ትስቅባቸዋለች። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት! ብርድ አገር ተወልጄ፣ ብርድን እንደ እናት እየናፈቅሁ፣ ብርድ ምን እንደሚያደርግ ረሳሁት።

ለማረጋገጥ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄድኩ። አንዲት የድሮ ማጠፊያ ስብ ቀብቼ በወረቀት ጠቅልዬ፣ የክበቡ አስተናጋጅ እትዬ ዙሪያሽ ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ እንዳላስገባ ሰው ሆንኩ። አሸተቱት።

"ጌታነህ! ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?"
"ብረት ነው፣ እትዬ።"
"ብረት ላት አለው እንዴ? በሁዳዴ፣ እኔ ፍሪጅ ውስጥ! ቄስ አጎት አለኝ እያልክ!"

ከበረዶው ክፍል እንድተዋት ለመንኳቸው። አንድ ሰዓት ብቻ አሉ፤ ሰው ቢጠይቀኝ አላውቅህም አሉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አወጣሁ። ስቡ ጧፍ ሆኗል። ነጭ፣ ደረቅ። ማጠፊያዋ አልንቀሳቀስ አለች። በመዳፌ ጨብጬ ቆየሁ፤ ሲሞቅ ተፈታች፤ መብለጭለጩም ተመለሰ። እንደ ሐሙሱ።

እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14፤ ከቀኑ 7፡30

ሁለቱ ተጠባባቂ መስቀያዎች ነገ ሊታሰሩ ነው። ሰው ምሳ ሲሄድ አወረድኳቸው። በላምባ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤ በጥርስ ብሩሽ። አዲሱ ግራሶ ቅዳሜ መጥቷል። ቀባሁ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የእናቴን ቆርቆሮ ከነስቡ ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ጣልኩ። ስጥለው ዕንባዬ መጣ።

አሁን ማንም አይጎዳም። ማንም ሊያውቅም አይችልም። ይህን ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈቃዴ እንደተፈረመ ነው፤ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ወደ አገሬ የሚወስደው መንገድ፣ አውቶቡሱ፣ የምነግራቸው ወሬ፣ ሁሉም በልቤ ተስተካክሎ ተዘጋጅቷል። ስደርስ ብዙነሽ ቀድማ ታየኛለች። ትጮኻለች።

ሃ/አለቃ ከሰዓት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሠርጌ ስንት ቀን ቀረው አሉኝ። ነገርኳቸው። ሙሽራ ጫማ ገዛ ወይ አሉኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16፤ ከሰዓት 10፡30

ነገርኳቸው። ከሃንጋሩ ኋላ፣ ባዶ በርሜሎቹ አጠገብ። ስቡን፣ ምንሽሩን፣ ፍሪጁን፣ ሁሉንም።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው።

"አንተ መንዜ! ጄት አውሮፕላኑን እንደ አባትህ ምንሽር ቀባኸው?"
"አዎ፣ ጋሼ።"
"በላት?"
"በላት።"
"እኔ እኮ ሐሙስ ለታ አንድ ነገር ሸቶኝ ነበር። ጾም አናቴ ላይ ወጥቶ፣ ጥብስ የናፈቀኝ መስሎኝ አስተግፍሩላህ አልኩ!"

ከዚያ ፊታቸው ተመለሰ። ስንት ሰው ያውቃል አሉ። ማንም፣ አልኩ። ሁለቱን አጥበሃል? አጥቤያለሁ። እንግዲያው አፍህን ያዝ አሉኝ። እኔ ሳልከፍት ፈርሜያለሁ፤ ብትናገርም ባትናገርም ጥፋት አለብኝ። ማዕረግ ቢቀንሱኝ በሰኔ ለምወጣ ሰው ምን ይለኛል። አንተ ሂድና ተጋባ። እኔ የሸዋሮቢት ሰው ነኝ፣ ልጄን ሦስት ጊዜ ቀጥሮ ለቀረ መንዜ አልሰጥም ነበር፤ የልጅቷ አባት እውነት አላቸው አሉ።

ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አስባለሁ።

አርብ፣ መጋቢት 18፤ ጥዋት 1፡10

አልወሰደኝም። ትናንትም። ፒን ስቆጥር ሃያ ሦስት አገኘሁ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሃያ አራት ነው። ትናንት ሃ/አለቃ ወደ ቢሮ ሲጠሩ አየሁ። የሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ፋይላቸውን አንድ ጸሐፊ በብብቷ ይዛ ተከትላቸው ገባች። ሲወጡ ወደኔ አላዩም። ይህን ያደረጉት ለኔ ብለው ነው፤ ያ ነው የከበደኝ። ሰኞ ይወሰናል ተባለ።

ምን ልሁን? ብናገር አስካለን አጣለሁ። ዝም ብል አስካለን አገባለሁ። ጥያቄው ሲጻፍ አጭር ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 20፤ ከቀኑ 9፡00

ቅዳሴ ቆሜ መጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማራገቢያ ይዞራል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚህ ጊዜ የሰው ትንፋሽ ይታያል። ጥዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሲሞላው ካህናቱ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ያንን ብርድ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጥዋት ብቻ፣ እስከ አጥንቴ ብጠጣው።

አስካለን ያወቅኋት ዘመሮ ገበያ ነው። ሱፍ ልሸጥ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ዝናብ ስለመታው እኔም አፍሬበታለሁ። አነሳችው፣ አየችው፣ አስቀመጠችው። "ይሄን የሸለትከው ከበግ ነው ወይስ ከውሻ?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ፣ ውሻውን ልታዪው ከፈለግሽ ቤት ነው ያለው አልኳት፤ እንዴት እንደደፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሚቀጥለው ገበያ መጥታ፣ ውሻህ እንደምን ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቀልድ አልናፈቅሁም።

እሷ ብታውቅ ምን ትል ይሆን? ሽማግሌ ሰው አስቀጥተህ ነው የመጣኸው ብትለኝስ? አልነግራትም እንበል። ሃምሳ ዓመት ሳልነግራት አብሬያት እኖራለሁ? በልብሴ፣ በእንጀራዬ መካከል ይሄ ነገር ተቀምጦ?

ሳጥኔን ከፍቼ የፈቃድ ወረቀቴን አወጣሁ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መልሼ አላስቀመጥኩትም።

ሰኞ፣ መጋቢት 21፤ ከቀኑ 6፡00

ወሰንኩ፤ ወደ ሻለቃው ቢሮ ገባሁ።

ሃ/አለቃ ጀማል ከበሩ ላይ ያዙኝ። ክንዴን ጨብጠው፣ ልጅ አትሁን አሉኝ በሹክሹክታ። ጋሼ፣ ይልቀቁኝ አልኳቸው። ለቀቁኝ።

ሻለቃው ቀና ብለው አዩኝ። ያለ ቀጠሮ መግባቴን በትሕትና ይቅርታ ጠይቄ፣ የመስቀያውን ጉዳይ የማውቅ እኔ ነኝ አልኩ።

"ምን ቀባህ?"
"ስብ፣ ጌታዬ።"
"የምን ስብ?"
"የበግ። የላት።"

ከጎን ያለው መሐንዲስ እስክሪብቶውን ጣለ። ሻለቃው አልሳቁም። ብርዱን አስረዳሁ፤ አባቴ መቀርቀሪያውን ብብታቸው ሥር እንደሚያሳድሩት አስረዳሁ። ማስረጃ አሉኝ። እትዬ ዙሪያሽ ተጠርተው መጡ፤ አላውቀውም ይላሉ ብዬ ስፈራ፣ ከበር ጀምረው ያንን ሽታ እስካሁን ከፍሪጄ አላስለቀቅሁም አሉ። ያንኑ ማጠፊያ፣ ከወጥ ቤት በመጣ የበግ ስብ ቀብተው፣ በዚያው ፍሪጅ እንደገና ሞከሩት። መሐንዲሱ በሁለት እጁ ታገለ። አልተከፈተም።

ስንት ክፍል ተምረሃል አሉኝ ሻለቃው። አራት፣ አልኩ። ይህንኑ ጻፈው አሉ። ጻፍኩ። አንብበው ሲጨርሱ፣ ያን ቀን ያ ቦምብ መንደርደሪያው ላይ ቢወድቅ ኖሮ ጀማልን በምን ትከፍለው ነበር አሉኝ።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23፤ ከሰዓት 9፡40

ተነበበ። ሃ/አለቃ ጀማል፤ ሳይከፍቱ በመፈረማቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ክስ ተሰርዟል፣ ማዕረጋቸው እንዳለ ነው፣ ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ። እኔ፤ ከሥራ አልተባረርኩም፤ ያላወቀ ነው፣ ራሱ ቀርቧል ተብሎ። ነገር ግን ሁለተኛው መርማሪ ቡድን መጥቶ እስኪጨርስ ከግቢ አልወጣም፤ የተፈረመው ፈቃድ ተሰርዟል። ቡድኑ መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ምናልባት ከሰኔ በፊት፣ ምናልባት ከሰኔ በኋላ።

አሥር ቀን ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ለመንኩ። ስምንት አልኩ። ለሠርጉ ዕለት ብቻ፣ በወታደር ታጅቤም ቢሆን አልኩ። ሻለቃው ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት።

ሃ/አለቃ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ሊቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ራሴን በመዳፋቸው ያዙት፤ እንደ አባት። ደንቆሮ አሉኝ። ደግመው፣ ደንቆሮ። ከዚያ ሄዱ። ከበሩ ውጪ ትንሿ ልጃቸው ስትሮጥ ይታያል።

በዚያ አልጸጸትም። በዚያ ብቻ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24፤ ከሰዓት 10፡15

ጋሽ ሽፈራው ለፋሲካ የሚሆን የመጀመሪያውን ዙር በግ ሸጠው ነገ ወደ ዘመሮ ይወጣሉ። ለአስካለ የሚደርስ ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ሌሎቹን በቃል ነግሬያቸዋለሁ፤ አባቴ እንዳይቆጡ፣ እናቴ እንዳታለቅስ። ደብዳቤውን ለአንተ ገልብጫለሁ፤ በትክክል ያልኩትን እንዳልረሳው።

"ውድ አስካለ፤

በተቆረጠው ቀን አልመጣም። ይህን ከሰላምታ በፊት የጻፍኩት ወረቀቱን ይዘሽ ብዙ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው። በሥራዬ ላይ ስሕተት ሠራሁ፤ በስሕተቴም ሌላ ሰው፣ የልጆች አባት የሆኑ ሽማግሌ፣ ሊቀጡ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ ፈቃዴም በእጄ ነበር፤ በቀኑ እመጣልሽ ነበር። ዝም አላልኩም። ይህን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። ቀኑን ያፈረስኩት እኔ ራሴ እንጂ መንገድ ወይም አለቃ እንዳልሆነ ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ነው።

መቼ እንደምለቀቅ አላውቅም። ሰኔ ሊሆን ይችላል፤ ከክረምት በኋላም ሊሆን ይችላል። አባትሽ ሦስተኛ ጊዜ ከቀረ ብለው የተናገሩትን ሰምቻለሁ፤ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። የቀየቱንም ሰው ክፉ ነው አልልም፤ አላውቀውም። ሽማግሌም አልልክብሽም። የምጠይቀው አንቺን ብቻ ነው።

ትጠብቂኛለሽ ወይስ አትጠብቂኝም? አንቺ ከእኔ ይልቅ ተምረሻልና በራስሽ እጅ ጻፊው። እጠብቃለሁ ካልሽ እንደዚያው፤ አልጠብቅም ካልሽም እንደዚያው፤ በመካከል ያለ ቃል ግን አትላኪልኝ፤ መሸከም አልችልም። ጋሽ ሽፈራው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የቀረውን በግ ይዘው ይመለሳሉ። መልስሽን በእሳቸው እጅ ስጪልኝ። ከግቢ መውጣት ስለማልችል ከበሩ ውስጥ፣ ከጥዋት ጀምሮ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ጌታነህ"